የአያትሽን ጠገራ ብር ከመሸጥሽ በፊት

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አያቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። ሳጥናቸውን ስንከፍት በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ብር አገኘን። አሥራ አራቱ ሴትየዋ ያለችባቸው ናቸው፤ 1780 ይላሉ። አምስቱ የአፄ ምኒልክ ናቸው። ከአምስቱ የአንዱ ዓመት ፈዞ ፹ ይሁን ፺ አልለይልን አለ። ትናንሽ ሳንቲሞችም አሉ። ከሴትየዋ ብሮች አንዱ ተበስቷል፣ ሌላው ላይ የአንገት ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። አንድ ደላላ ‹ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው፣ ውጭ አገር አንዱ በሚሊዮን ይሸጣል፣ መጀመሪያ ግን ለማስመርመሪያ ትከፍላላችሁ› አለን። ወርቅ ቤት ስንወስደው ደግሞ ሰውየው ሁሉንም አንድ ላይ ሚዛን ላይ አፍስሶ በግራም ቆጠረልን። ወንድሜ በሎሚና በአመድ አጥቤ ላብራቸው እያለ ነው። ሦስት ነን፣ ሳንጣላ መካፈል እንፈልጋለን። ዋጋቸው ስንት ነው? ማንን እንመን? ግራ የገባኝ የልጅ ልጅ ነኝ።»

እህቴ፣ የአያትሽን ነፍስ ይማር።

ከሁሉ በፊት ወንድምሽን አስቁሚው። ሎሚውንም አመዱንም ያስቀምጥ። የቀረውን ቀስ ብለን እናየዋለን፣ ይሄ ግን ዛሬ ነው።

ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ እናቴ አንድ የምኒልክ አላድ፣ ማለትም ግማሽ ብር፣ ሰጠችኝ። ጠቁሮ ነበር። ለእሷ ክብር ብዬ በሎሚ ፈትጌ፣ በአመድ አሸቼ መስታወት አስመሰልኩት። ከዓመታት በኋላ የድሮ ገንዘብ ለሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ አሳየኋቸው። ወደ ብርሃን አዘንብለው አዩትና ምንም ሳይናገሩ መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ቆዳውን ገፈሃል» አሉኝ። ያ ጥቁረት ብር ለዘመናት ከአየሩ ጋር እየተዋወቀ የሚያበጀው ስስ ልባስ ነው። ሰብሳቢ ሰው የሚወደው እሱን ነው። አመድ ሲያልፍበት ልባሱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ በዓይን የማይለዩ በሺህ የሚቆጠሩ ጭረቶች ይቀራሉ። ጭረት ደግሞ አይመለስም። የጥርስ ሳሙናም፣ ቤኪንግ ፓውደርም፣ አሸዋም ያው ናቸው። አፈር ከያዘው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆይተሽ፣ ሳትፈትጊ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂው። በቃ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ዋጋቸው ስንት ነው» ብለሽኛል። አንድ ጠገራ ብር ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው የማዕድኑ ዋጋ ነው፤ አንጥረኛ ቢያቀልጠው የሚያገኘው። ሁለተኛው የሰብሳቢው ዋጋ ነው፤ ያንኑ ብር በዓመቱ፣ በብርቅነቱና በይዞታው ምክንያት የሚፈልገው ሰው የሚከፍለው። ወርቅ ቤቱ የነገረሽ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰውየው አልዋሸሽም፣ ሥራው እሱ ነው። ደላላው የነገረሽ ግን ከሁለቱም አይደለም።

በማርትሬዛዎቹ፣ ሴትየዋ ባለችባቸው፣ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እነሱ ላይ ነውና።

ሴትየዋ ማርያ ቴሬዛ ናት። በ1717 ተወልዳ ከ1740 ጀምሮ የገዛች፣ በ1780 የሞተች የኦስትሪያ ንግሥት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ባሏ ከሞተ በኋላ ባደረገችው ሻሽ ነው ብሩ ላይ የምትታየው። ከእሷ ሞት በኋላ የተለየ ነገር ሆነ። ይህ ብር በቀይ ባሕር ዙሪያና በእኛ አገር እጅግ ከመታመኑ የተነሳ ሰው ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አልቀበልም አለ። ስለዚህ መትተው የሚልኩት ዓመቱን ሳይቀይሩ «1780» እንዳለ ቀጠሉ። ቪየና መታችው። ሚላንና ቬኒስ መቱት። በ1930ዎቹ ጣሊያን አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ ቅርጹን ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ መምታት ጀመረች። ያኔ እንግሊዝ በለንደን፣ በኋላም በበርሚንግሃምና በቦምቤይ መታች። ፓሪስና ብራሰልስም ገቡበት። ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ 1780 የሚል።

ስለዚህ እህቴ፣ «1780» የተሠራበት ዓመት አይደለም። የብሩ መታወቂያ ነው በይው። ከአያትሽ አሥራ አራት ብሮች አንዱ የመቶ ሃምሳ ዓመት፣ ሌላው የሰማንያ ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግን 1780 ነው የሚሉት። በእርግጥ በንግሥቲቱ ዘመን የተመታ ከሆነ ብርቅ ነው። የየከተማውን ምት በጥቃቅን ምልክት የሚለዩ ባለሙያዎች አሉ፤ የንስሩን የጅራት ላባ ይቆጥራሉ፣ የትከሻ ጌጧን ቅርጽ ያያሉ፣ ከደረቷ በታች ባሉት ኤስ እና ኤፍ በሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መካከል ያለውን ርቀት ይለካሉ። አብዛኛው ሰው እጅ ያለው ግን በብዛት የተመታው ነው። የእሱ ዋጋ ከማዕድኑ ዋጋ ብዙ አይርቅም። በሚሊዮን የሚለውን ወሬ ከልብሽ አውጪው።

አሁን ሚዛን ያስፈልገናል። የዚህ ብር ትልቁ መልካም ነገር የታወቀ ሚዛን ያለው መሆኑ ነው። አንድ ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ይህ ሚዛን እኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ድሮ አባቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑበት «ወቄት» የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነበር። ብሩ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። (ብር የምንለው ማዕድኑንም ገንዘቡንም ስለሆነ እንዳይምታታብሽ፣ እዚህ «ንጹሕ ብር» ስል ማዕድኑን ነው።) 28.07ን በ0.8333 ስታባዢው 23.39 ይመጣል። አንድ ማርትሬዛ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። የዓለም ገበያ የብርን ዋጋ የሚናገረው በኦውንስ ነው፤ አንድ የማዕድን ኦውንስ 31.1 ግራም ነው። እንግዲህ አንድ ጠገራ የአንድ ኦውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ንጹሕ ብር ይዟል። የዕለቱን የኦውንስ ዋጋ ስልክሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ያንን ለ31.1 አካፍዪ፣ በ23.39 አባዢ። የወለሉ ዋጋ ይሄ ነው። ለምሳሌ፣ ለሒሳብ ብቻ፣ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ 100 ብር ነው ብንል የአንዱ ማርትሬዛ ማዕድን 2,339 ብር ይሆናል።

ወርቅ ቤት ከዚህ በታች ይሰጥሻል። ማቅለጫ አለው፣ ማጣሪያ አለው፣ ትርፍም ይፈልጋል። ያ ነውር አይደለም። ነውሩ አንቺ ወለሉን ሳታውቂ መሄድሽ ነው። አሁን ሄደሽ «ይህ ብር 833 ነው፣ ንጹሑ 23 ግራም ከምናምን ነው፣ ከዚህ ላይ ስንት ትቀንሳለህ?» ስትዪው ጨዋታው ሌላ ይሆናል። አሥራ አራቱ ማርትሬዛዎችሽ ካልተበሉ 327 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ናቸው። አምስቱ የምኒልክ ሲጨመሩ 445 ግራም ይጠጋሉ። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

አንድ አንድ እያደረግሽ መዝኚ፣ በጅምላ አይደለም። ያገለገለ ብር ተበልቶ 27.8 ወይም 27.5 ቢመዝን አትደንግጪ። 25 ወይም 26 ከመጣ ግን ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ተቦርቡሯል፣ ወይም ብር አይደለም። የተበሳውን ቀዳዳው ትንሽ ያቀልለዋል፣ ማንጠልጠያ ያለውን ብየዳው ያከብደዋል። ሁለቱን ለብቻ አስቀምጪ።

አስመስሎ የተሠራ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ማግኔት አስጠጊ ይሉሻል። አስጠጊ፣ ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ምንም አላረጋገጥሽም፤ መዳብም ነሐስም እርሳስም በማግኔት አይሳቡም። እኔ የምወደው የውኃ ፈተናን ነው። ብሩን አይጎዳም፣ ቤትሽ ውስጥ ይሠራል፣ ለማታለልም ከባድ ነው። እስከ ግራም መቶኛ የሚቆጥር ትንሽ ሚዛን ፈልጊ። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። ብሩን በቀጭን ክር አስረሽ ውኃው ውስጥ አንጠልጥዪው። ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ታቹንም ጎኑንም ግን አይንካ። ክሩን በእጅሽ ይዘሽ ሚዛኑን አንብቢ። እውነተኛ ማርትሬዛ ከሆነ 2.75 ገደማ ያሳይሻል። ደረቅ ክብደቱን ለዚህ ቁጥር ስታካፍዪው 10.2 ገደማ ይመጣል፤ የዚህ ብርና መዳብ ቅልቅል እፍጋት እሱ ነው። ነሐስ ላይ ብር ተቀብቶ ከሆነ ያው ክብደት 3.3 ያህል ያሳያል። እርሳስ ከሆነ ከ2.5 በታች ይወርዳል። ማንጠልጠያ ያለው ላይ አትሞክሪው፤ ብየዳው ሒሳቡን ያበላሸዋል።

አሲድ እናንጠባጥብበት የሚል ካለ እምቢ በዪ። ጠባሳው አይጠፋም።

ቀጥሎ ጠርዙን እዪ። ማርትሬዛ ጠርዙ ላይ በላቲን የተጻፈ ጎላ ያለ ጽሑፍ ከጌጥ ጋር አለው፤ ትርጉሙ «ፍትሕና ርኅራኄ» ነው፣ የንግሥቲቱ መሪ ቃል። ጽሑፉ እዚያ የተቀመጠው ሰው ጠርዙን እየላገ ብር እንዳይሰርቅ ነበር። በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይ ግን ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ያሳያል፣ ፊደሎቹም ይድበሰበሳሉ። የድሮ ነጋዴዎቻችን ብሩን የሚቀበሉት የትከሻ ጌጧን ዕንቁ እየቆጠሩ፣ ፊደሉን እየዳሰሱ ነበር። የተበላውን ይመልሱታል። አያትሽ እነዚህን አሥራ አራት ብሮች ሲቀበሉም በጣታቸው አንድ በአንድ ዳስሰዋቸው ይሆናል። እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ወደ ምኒልክ ብሮች እንምጣ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው፣ ወርቅ ቤቱም ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ አፍስሶ መመዘኑ ያናደደኝ ለዚህ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ያስመቱት ፓሪስ ነው። ሚዛኑን ሆን ብለው ከማርትሬዛ ጋር አስተካከሉት፣ ሰው እንዲቀበለው። 28.075 ግራም ነው፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር። በሚዛን ብቻ ካየሽው ከማርትሬዛ ጋር እኩል ነው። በሰብሳቢ ዓይን ግን ሌላ ነገር ነው። ማርትሬዛ እስከ ዛሬ ይመታል፤ የምኒልክ ብር ግን አበቃ። ያለው ያው ነው። ከዚያም ላይ ብዙው ቀልጦ ድሪና አልቦ፣ መስቀልና ጉትቻ ሆኗል። በደንብ የተያዘ የምኒልክ ብር ከማዕድኑ ዋጋ በላይ የሚከፍልበት ሰው ያገኛል፤ ልዩነቱ ደግሞ በዓመቱና በይዞታው ነው።

ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር፣ በእኛው አቆጣጠር ነው የተጻፈው። በሙሉው ብር ላይ የምታገኚያቸው አራት ናቸው፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፪ እና ፲፰፻፺፭። ማለትም 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 ዓ.ም.። ከእነዚህ ውስጥ 1887 ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ነው የተመታው። የሚፈለገው እሱ ነው። አንበሳውንም ልብ በዪ፤ ባንዲራውን ሲይዝ የሚያነሳው እግር በሁሉም ምት አንድ አይደለም፤ በአንዳንዱ ግራውን፣ በአንዳንዱ ቀኙን ያነሳል። የውጭ ካታሎግ የሚያገላብጥ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የውጭ ሰው 1887ን በራሱ አቆጣጠር ሊያነበው ይችላል። የእኛ 1887 በአውሮፓ 1894 እና 1895 ላይ ነው የሚውለው። ማስታወቂያ ስታወጪ ሁለቱንም ጻፊ።

ይዞታ ስልሽ፣ ጎላ ጎላ ያለው ቦታ ምን ያህል ተበልቷል ማለቴ ነው። በምኒልክ ብር የዘውዱን ጌጥ፣ የንጉሡን ፀጉርና ጢም፣ በጀርባው የአንበሳውን ጎፈር እዪ። የጎፈሩ ፀጉር እየተለየ ከታየ ጥሩ ነው። ጎፈሩ ድፍን ሆኖ ከለሰለሰ ብዙ እጅ ዞሯል ማለት ነው። በማርትሬዛ ደግሞ የትከሻዋን ጌጥና የንስሩን ደረት ተመልከቺ። በዚህ ዓይን አምስቱን አሰልፊያቸውና ከምርጡ እስከ ደካማው ደርድሪያቸው። ዓይንሽ ራሱ ይማራል።

ትናንሾቹን ምን እንደሆኑ አልጻፍሽልኝም፣ ስለዚህ በሚዛን ልዪያቸው። የምኒልክ አላድ ግማሽ ብር ነው፣ 14 ግራም። ሩቡ 7 ግራም ነው። ተሙን ስምንተኛው ነው፣ 3.5 ግራም። የብሩ ሃያኛ የሆነችው ጊርሽ ደግሞ 1.4 ግራም ብቻ ናት። ሁሉም 835 ናቸው። ትንሽ ስለሆኑ እንዳትንቂያቸው። በደንብ የተያዘ አላድ ከተበላ ሙሉ ብር ይበልጣል። መዳብ ከሆነች ግን ቤሳ ልትሆን ትችላለች፣ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የምንላት። ብር ባትሆንም አትጣያት።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት፣ ፲፱፻፴፮ የሚል ሃምሳ ሳንቲም ካገኘሽ እሱም ብር ነው፤ 7 ግራም ገደማ፣ ከሺህ 700 ወይም 800። ሽልንግ የምንለው። ስሙኒው ግን መዳብ ነው፣ መጠኑም ለብሩ ሽልንግ ይቀርባል። በዚያ ጊዜ ሰዎች ስሙኒውን ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ያልፉበት ነበር። በኋላ የስሙኒው ጠርዝ እንደ አበባ ሞገድ ሞገድ ሆኖ እንዲሠራ የተደረገው ለዚህ ነው። የአንቺ ክብ ሽልንግ ሲታይ ብርማ ሆኖ ጠርዙ ላይ ቀይ ነገር ብቅ ካለ ያንን የድሮ ማታለያ ይዘሽ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ያሉት፣ አንበሳ ያለባቸው የደርግና የአሁኑ ሳንቲሞች፣ ብር የለባቸውም።

የተበሳችውና ማንጠልጠያ የተበየደባት ለሰብሳቢ ብዙ አይጠቅሙም፣ ዋጋቸው በማዕድናቸው ነው። ግን እስቲ አስቢው። ያ ማንጠልጠያ የአያትሽ አንገት ላይ የነበረ ነው። እኔ ብሆን እሱን አልሸጠውም። ማንጠልጠያውን አስነቅለሽ «ንጹሕ» ልታደርጊው ደግሞ አትሞክሪ። ጠባሳው ይቀራል፣ ታሪኩ ይሄዳል።

ደላላውን በተመለከተ፣ አጭር ነው። ገዢ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። «ለማስመርመሪያ»፣ «ለማስያዣ»፣ «ለውጭው ሰው ትኬት» እያለ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሥራው ገንዘብሽን መብላት ነው። ብሮቹንም «ላሳያቸውና ልመልስ» ብሎ እንዳይወስድ። ማየት የሚፈልግ ከፊትሽ ተቀምጦ ይይ። ከዚያ በፊት የእያንዳንዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሺ፣ ክብደቱን አጠገቡ ጻፊ። ይህን ካደረግሽ ማንም መሃል ላይ አይቀይርብሽም።

ውጭ አገር ስለመሸጥ ያለውንም ልንገርሽ፣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይዞት እንዲሄድ እንዳታስቢ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የአያትሽ ብር በዚያ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚወስነው ደላላ አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ከመንቀሳቀስሽ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቂ። ከትናንሾቹ መሃል መስቀል ወይም የስንዴ ዛላ ያለባት፣ ጽሑፏ ግሪክ የሚመስል ስስ ሳንቲም ካለች ደግሞ ከሌሎቹ ለይተሽ አስቀምጪ። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ልትሆን ትችላለች፤ እነሱ ወርቅም ብርም መዳብም አስመትተዋል። ያቺ የመሸጫ ነገር አይደለችም፣ ለሚመለከተው ክፍል የምታሳውቂያት ናት።

አቀማመጡን አትርሺ። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አትጨምሪያቸው፤ አንዳንዱ ላስቲክ ሲቆይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተፋባቸዋል። እያንዳንዱን በደረቅ ወረቀት ኤንቨሎፕ ለብቻው አድርጊ፣ እርስ በርስ እንዳይፋጩ። ስታነሺ ጠርዙን ያዢ፣ ፊቱን በጣትሽ አትንኪ። የተቋጠሩበትን የነጠላ ቁራጭም አስቀምጪው። እሱን ማንም በግራም አይገዛሽም።

መካፈሉስ? አሥራ አራቱን ማርትሬዛ በሚዛን መካፈል ይቻላል፤ ዋጋቸው ይቀራረባልና። የምኒልኮቹን ግን በሚዛንም በቁጥርም አትካፈሉ። አምስት ለሦስት እኩል አይከፈልም፣ ቢከፈልም አንዱ 1887ን፣ ሌላው የተበላ 1895ን ይዞ «እኩል ወሰድን» ማለት ነገ ቅሬታ ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሦስታችሁም ለመታሰቢያ አንድ አንድ ማርትሬዛ ያዙ፤ ማንጠልጠያ ያለውን ማን እንደሚይዘው ተነጋገሩበት። የቀሩትን ማርትሬዛዎች በሚዛን ተካፈሉ። አምስቱን የምኒልክ ብሮችና ትናንሾቹን ደግሞ ሳትከፋፍሏቸው፣ ቢያንስ ሁለት የሚሰበስቡ ሰዎች ለየብቻ አይተው ዋጋ ይናገሩባቸው። አንዱ ያለውን ለሌላው አትንገሪ። ከዚያ የሚሸጠው ይሸጥና ገንዘቡ ለሦስት ይከፈል፣ ወይም ማስቀረት የሚፈልግ ለሌሎቹ ድርሻቸውን ይክፈል። የማይቸኩል ሰው ይሻለዋል፤ የብር ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፣ ሰብሳቢም በአንድ ቀን አይገኝም።

ዓመቱ የፈዘዘውን ብር ግን ማንም ሳያየው አንቺ ደግመሽ እዪው። ጠዋት መስኮት አጠገብ ያዢው፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣበት፣ ከላይ አይደለም። በስልክሽ ካሜራ አቅርበሽ እያዘነበልሽ ተመልከቺ። ፺ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ፪ ወይም ፭ ነው። ፹ ከሆነ ግን የመጨረሻዋን ቁጥር በደንብ ለዪልኝ፣ ፯ ናት ወይስ ፱? ፎቶውን አንስተሽ ከክብደቱ ጋር ላኪልኝ። እስከዚያ ለማንም አትሽጪው።